ልጆቼ፣ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ባህር ዳር በአእምሮ ጤና ነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ሆዴን ስለሚበላኝ ነው የምጽፍላችሁ። "ከነገ ጀምሮ ጫት በቃኝ" ትላላችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ትመለሳላችሁ፣ ከዛ "እኔማ አልረባም" ብላችሁ መሞከሩን ጭራሽ ትተዉታላችሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ "አልረባም" የምትሉት ነገር ነው።

ስታቆሙ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል፣ ድብርቱ አለ፣ ብስጭቱ አለ፣ ማታ ደግሞ ዱካኩ፣ ቅዠቱ ማለቴ ነው፣ አያስተኛም። ይሄ በአብዛኛው በሳምንት በሁለት ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። ልማዱ ግን እንደዛ ቶሎ አይለቅም። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበር፣ ዱካኩን ሁሉ ችሎ ካለፈ በኋላ እንኳን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ሲል እጁ ራሱ መሪውን ወደ መቃሚያው ቤት ያዞርበታል፣ ሱሱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚጠራው። ተመካክረን በዛ ሰዓት ወደ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚያመላልሳቸው ቋሚ ደንበኞች ያዘ፣ እንደዛም ሆኖ ብዙ ወር ፈጀበት፣ መሃል ላይ ቅሞ የመጣበትም ቀን ነበር፣ ግን መምጣቱን አላቆመም፣ እኔ ጎበዝ የምለው እንደሱ ያለውን ነው።

ቲክቶክ ላይ በ21 ቀን ትለወጣላችሁ የሚሏችሁን እባካችሁ አትስሙ። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች ላይ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ፣ አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን አካባቢ ወሰደ፣ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ያውም እኮ ውሃ እንደመጠጣት፣ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ እንደመብላት ያለ ነገር ነው፣ ሱስ መተው አይደለም! አንድ ቀን መዝለል ግን ያን ያህል ወደኋላ አልመለሳቸውም፣ ይቺን ያዙልኝ።

ጣናን የወረረውን አረም፣ እምቦጩንስ አላያችሁም? በዘመቻ ሲነቀል የጣና ዳር ለጊዜው ይጠራል፣ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ እየተመላለሱ መንቀል ነው እንጂ ማን በአንድ ቅዳሜ ጨረሰው።

ስለዚህ ከቃማችሁ በማግስቱ ከዜሮ መቁጠር አትጀምሩ፣ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር እንደነበረ ጻፉትና ያን ሰዓት በሌላ ነገር ሙሉት። በየቀኑ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ መጠጥ፣ የምታበዙ ካላችሁ ግን መጠጡን ብቻችሁን በአንዴ እንዳታቆሙት፣ እስከ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ሊያደርስ ይችላል፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳችሁ አማክሩ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።