ድምፄ ከሰለለ ወዲህ ጸሎቴ ይሰማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ወዲህ ድምፄ ሰልሏል፤ ከሹክሹክታ አያልፍም። ቁልቢ ገብርኤል ሕዝቡ እየጮኸ ሲሳል እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አብራኝ የሄደች እኅት «እንዲህማ ስለትሽ አይሰማም» አለችኝ። እውነት ነው? ቅዳሴ ላይስ ዝም ብል ይሻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ጸሎትሽ ይሰማል።

ጮክ ያለ ቶሎ ይደርሳል፣ ዝግ ያለ መንገድ ላይ ይቀራል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቁልቢ ላይ ይብሳል። ታኅሣሥ 19 ያን ሁሉ ሕዝብ ያየ ሰው፣ ድምፄ ተውጦ ይቀራል ብሎ ይሰጋል። ግን ገብርኤልን የላከው አምላክ የሚሰማው በጆሮ ነው እንዴ?

ሐናን አስቢ። ልጅ ፈልጋ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። የተሳሳተው ካህኑ ነው! እሷ ሳሙኤልን አገኘች። ባሕሩ ፊት ሙሴ ሲጮኽ መጽሐፉ አይነግረንም፤ እግዚአብሔር ግን «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ?» አለው (ዘጸ. 14፥15)። አባቶች ይህን የልብ ጩኸት ይሉታል።

መጮኽ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በርጤሜዎስ ዝም በል ሲሉት አብዝቶ ጮኸ፤ ጌታም ቆመለት (ማር. 10፥48-49)። ልቡ ሞልቶ ገንፍሎበት የሚጮኸውን አትፍረጂበት። እሱም በአንቺ ላይ አይፍረድ።

ቅዳሴ ላይ ግን ዝም አትበይ። እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። ተሰጥዖው፣ ማለትም ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰው ምላሽ፣ ድምፃቸው ላማረ ብቻ አልተሰጠም። በሹክሹክታ መልሺ። ካህኑ ራሱ ከቅዳሴው አንዳንዱን ጸሎት በለሆሳስ ነው የሚያደርሰው፤ ያ ጸሎት ያንሳል ያለ የለም። እልል ሲባል አጨብጭቢ። የምፈራልሽ፣ በአንድ ሰው ቃል ተሸማቅቀሽ ቀስ በቀስ ከደጁ እንዳትርቂ ነው። እንዲህ የራቁ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። ለኑዛዜም አትስጊ፤ የንስሐ አባትሽ ጆሮውን ጠጋ ያደርግልሻል።

ሐኪምሽንም አትተዪ። የድምፅ ነርቭ በእንቅርቱ አጠገብ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ ብዙ ጊዜም በሳምንታት ወይም በወራት ይሻላል። የድምፅ ልምምድ ካዘዘልሽ አታቋርጪው። ጠበልሽንም ጠጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።