ስለ «አይም ኖት ኢን ላቭ» ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ስለ እንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቴን ሲሲ ዘፈን፣ «አይም ኖት ኢን ላቭ» («አላፈቀርኩም»)፣ ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። እሺ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ድምፅ ቀረጻ ላይ ስለሆነ ስለ ቀረጻው ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አስቀድሜ ግን ሁለት ነገር ልበል። ከጀርባ እንደ ጉም የሚሰማው ድምፅ ኪቦርድ አይደለም፣ የሰው ጉሮሮ ነው። ደግሞ ስድስት ደቂቃ የሚሞላውን ስሙ። የተቆረጠውን ሰምታችሁ አትጠይቁኝ።

የጉለሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ ከመነሻው ይንገሩን። ለማን ነው የተጻፈው?

ጋሼ፦ ሐሳቡን ያመጣው የቡድኑ ዘፋኝ ኤሪክ ስቱዋርት ነው። ሌላው የቡድኑ አባል ግራሃም ጉልድማን አብሮት ጻፈ። ስቱዋርት ካገባ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖታል። ሚስቱ ግሎሪያ «ለምንድነው እወድሻለሁ የማትለኝ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቃሉ በየቀኑ ከተባለ ይረክሳል ባይ ነው። ስለዚህ ሳይል የሚልበትን መንገድ ፈለገ። «አላፈቀርኩም» እያለ የሚደረድረው ምክንያት ሁሉ እሱኑ ያሳብቅበታል። ፎቶሽን የሰቀልኩት የግድግዳውን እድፍ እንዲሸፍንልኝ ነው የሚላትን አስቡት። ይሄ ከሕይወቱ የመጣ ነው። ማንቸስተር፣ ወላጆቹ ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ነበረች፤ የግሎሪያን ፎቶ የሰቀለው እሷ ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ እዚህ ሰርግ ላይ ሙሽሮች ሲጨፍሩበት አይቻለሁ። «አላፈቀርኩም» በሚል ዘፈን ትዳር ይጀመራል እንዴ?

ጋሼ፦ አሁን የጻፍኩትን አንብቢው እህቴ። ይጀመራል።

ካሴት ሰብሳቢ፦ መጀመሪያ ሌላ ዓይነት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጋሼ፦ እውነት ነው። መጀመሪያ የሠሩት ቦሳ ኖቫ በሚባለው የብራዚል ምት ነበር። የቀሩት ሁለቱ የቡድኑ አባላት፣ ኬቨን ጎድሊና ሎል ክሬም፣ አልወደዱትም። ተጣለ፣ የተቀረጸበት ክርም (ቴፑ) ተደመሰሰ። ያ ቅጂ ዛሬ የለም፣ «እኔ ጋ አለ» የሚላችሁን እንዳታምኑ። ከዚያ ስቱዋርት በስቱዲዮው ሲዘዋወር ሠራተኞቹ ዜማውን ሲያንጎራጉሩ ይሰማል። የተጣለ ዘፈን ሰው አፍ ላይ ቀርቷል! ተመልሰው ተነጋገሩበት። ጎድሊ «መሣሪያውን ትተን በድምፅ ብቻ ብንሠራውስ?» አለ። በእኔ እምነት የዘፈኑ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ የኳየር (የመዘምራን) ድምፅ ሜሎትሮን የሚባለው ኪቦርድ ነው። በዚያ ዘመን ሁሉም በሜሎትሮን ነበር የሚሠራው።

ጋሼ፦ አይደለም። ይሄን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው እሱ ነው።

ሜሎትሮን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቁራጭ ክር አለው። ቁልፉን ስትጫን ክሩ ይሄዳል፣ ከስምንት ሰከንድ በኋላ ያልቃል፣ ድምፁም ይቆረጣል። ይሄን ዘፈን ስማው። ድምፁ መቼ ይቆረጣል? አይቆረጥም።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክፖርት፣ የራሳቸው ስትሮውቤሪ ስቱዲዮ። ማሽናቸው 16 ትራክ ነው፣ ማለትም አንድ ክር ላይ 16 ድምፅ ለየብቻ ይቀዳል። ጎድሊ፣ ክሬምና ጉልድማን ማይክ ፊት ቆመው አንዲት ኖታ ብቻ ይዘው «አአአ» ይላሉ። ስቱዋርት ድምፆቹ በሚመጣጠኑበት ሚክሰር ላይ ነው። ያቺን ኖታ 16 ጊዜ ደጋግመው ቀዷት። ሦስት ሰው በ16 ሲባዛ 48 ድምፅ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ኖታ። ግማሽ ድምፆቹ ሳይቀሩ ከዶ እስከ ዶ 13 ኖታ ነው። 48 በ13 ሲባዛ 624 ድምፅ። 624 ሰው አላልኩም! ሦስት ሰው ነው። «አአአ» ማለት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ቀጥሎ የእያንዳንዷን ኖታ ክር ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ገጥመው ቀለበት አደረጉት። ማሽኑ ላይ ሲዞር ማለቂያ የለውም። ግን ክር የተቀጠለበት ቦታ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ጠቅ ይላል። ስለዚህ ቀለበቱ ረጅም መሆን ነበረበት፣ 12 ጫማ ያህል። ይሄ ማሽኑ ላይ አይበቃም። ከማሽኑ አውጥተው የማይክ ማቆሚያ ላይ በታሰረች ተሽከርካሪ አዙረው መለሱት። በክፍሉ መሃል የልብስ ገመድ የሚያክል ክር ተወጥሮ ሲዞር ይታያችሁ።

እነዚያ 13 ኖታዎች ከየቀለበታቸው ተቀድተው 13 ትራክ ያዙ። አሁን ሚክሰሩ ራሱ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። አራቱም ጎን ለጎን ቆሙ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች) ያዘ። ኮርዱ ሲቀየር አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ። እና በጣም የምወዳት ነገር፦ ፌደሮቹ ጨርሰው እንዳይዘጉ ከታች ፕላስተር ለጠፉባቸው። ስለዚህ 13ቱም ኖታዎች ሁልጊዜ በጥቂቱ ይሰማሉ። ያ ጉም የመሰለው ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ዘፋኙ ዝም ባለበት ቦታ እንኳ አየሩ ባዶ አይደለም።

ኪቦርዲስቱ፦ እሺ ተረታሁ። ግን የእኔ ኪቦርድ ላይ ያለው የኳየር ፕሮግራም ቁርጥ እሱን ይመስላል።

ጋሼ፦ እሱ ነው ይሄን የሚመስለው።

ዘማቹ፦ ወጥቶ አንደኛ የሆነው በፈረንጆቹ 1975 ነው አይደል? እኛ ያኔ ሰኔ 1967 ዘመቻ ላይ ነበርን። ስለዚህ ዘፈን የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ እናቴም ዘምታለች! እርስዎ የት ነበሩ?

ዘማቹ፦ ጎጃም። ፊደል እናስተምር ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የኔ አጎት ከዘመቻው ሳይጨርስ ነው የተመለሰው...

ካሴት ሰብሳቢ፦ ብዙዎች እኮ ሳይጨርሱ ተመልሰዋል። ስለ እድገት በኅብረት ደግሞ አንድ ቀን ራሱን የቻለ ጥያቄና መልስ ይደረግልን።

ጋሼ፦ ይደረግ፣ ግን ዛሬ አይደለም። ዘማቹ፣ ዓመቱን በትክክል ነው የያዝከው። በእንግሊዝ ሰኔ 1975 መጨረሻ ላይ አንደኛ ወጣ፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። አሜሪካ ሁለተኛ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። በየሳምንቱ የተለያየ ዘፈን ነው የቀደመው፦ ቫን መኮይ፣ ቀጥሎ ኢግልስ፣ ቀጥሎ ቢ ጂስ። እነዚህ ሦስቱ ተከታትለው ባይመጡ አንደኛ ይሆን ነበር።

አዲስ ሰሚ፦ እኔ የማውቀው ከፊልም ነው። መክፈቻው ላይ አንድ ልጅ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ሲሰማው።

ጋሼ፦ አዎ፣ የ2014ቱ «ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ»። ጥሩ ቦታ ነው ያስገቡት።

አዲስ ሰሚ፦ መሃል ላይ የምታንሾካሹከው ሴት ማናት? ዘፋኝ ናት?

ጋሼ፦ ጎሽ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። ዘፋኝ አይደለችም። ካቲ ሬድፈርን ትባላለች፣ የስቱዲዮው ጸሐፊ ነበረች። መሃል ላይ የሚጎድል ነገር አለ እያሉ ሲጨነቁ በሩ በቀስታ ተከፈተ። እሷ ናት። ሥራቸውን ላለመረበሽ በሹክሹክታ «ኤሪክ፣ ስልክ ይፈልግሃል» አለችው። ክሬም ብድግ አለ፦ ድምፁ ይሄ ነው! እሷ አልፈለገችም፣ ለምነው ነው ያስገቧት። «ዝም በል፣ ትልልቅ ወንዶች አያለቅሱም» የምትለው እሷ ናት። ስልክ ልትነግር ገብታ ሃምሳ ዓመት የሚሰማ ድምፅ ትታ ወጣች። አሜሪካ የወጣው ሲንግል (የአንድ ዘፈን ሸክላ) ከአራት ደቂቃ በታች እንዲሆን ተቆርጧል፣ ስለዚህ ረጅሙን ስሙ የምላችሁ በምክንያት ነው። ስድስት ደቂቃ መሙላት አለበት።

ካሴት ሰብሳቢ፦ ይሄ ግን ሶፍት ሮክ ነው? እኔ ተራ ስሎው ነው የምለው።

ኪቦርዲስቱ፦ ስሎው ማለት ፍጥነቱ ነው፣ ሶፍት ሮክ ዓይነቱ ነው። ሁለቱ አይጋጩም።

ካሴት ሰብሳቢ፦ ጊታር ሳይጮህ ምኑ ነው ሮክ?

ኪቦርዲስቱ፦ «ሶፍት» የተባለው ለዚያ ነዋ!

ጋሼ፦ በስሙ ላይ አልከራከርም።

የጉለሌ ልጅ፦ ቡድኑ ለምን ተበተነ?

ጋሼ፦ ጎድሊና ክሬም በ1976 ወጡ፣ ስቱዋርትና ጉልድማን ስሙን ይዘው ቀጠሉ። የቡድን ጠብ አልወድም፣ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ዘማቹ፦ ከበሮውስ? በጣም ለስላሳ ነው፣ የልብ ምት ይመስላል።

ጋሼ፦ ጆሮህ ይባረክ። ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) የገባው እዚያ ላይ ነው። ጎድሊ ሙግ በሚባለው ሲንተሳይዘር ላይ ያወጣው የቤዝ ከበሮ ድምፅ ነው። ነገሩን አየህልኝ? ሰው ሁሉ ማሽን ነው የሚለው ድምፅ የሰው ነው፣ ሰው ሁሉ ከበሮ ነው የሚለው ደግሞ ማሽን ነው። ባለ ዱላው ከበሮ ቢገባ ኖሮ ያንን ሁሉ ድምፅ ይበታትነው ነበር። ይሄ ግን ከሥር ይዞት ይሄዳል። መሃል ላይ የጉልድማን ቤዝ ጊታር ብቻውን ሲወጣም ልብ በል፣ ሌላ ዘፈን ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ሊድ ጊታር ነበር የሚጮኸው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ እንደ ሕፃን መጫወቻ የሚንቆረቆር ነገር አለ። እውነተኛ የመጫወቻ ሙዚቃ ሳጥን ነው።

አሁን የገባሁ፦ ሰላም ጋሼ። ስለ ዘፈኑ የሆነ ነገር ይንገሩን።

ጋሼ፦ «የሆነ ነገር» ጥያቄ አይደለም ልጄ። ከላይ ጀምረህ አንብብ፣ ያልገባህን ጠይቅ።

አሁን የገባሁ፦ እሺ። ከጀርባ ያለው ኪቦርድ ምንድነው?

ጋሼ፦ ለአራተኛ ጊዜ እየጻፍኩ ነው፦ የሰው ድምፅ ነው፣ የሦስት ሰዎች፣ በክር የተቀጠለ። ስለ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ከሆነ የምትጠይቀው፣ እሱ ፌንደር ሮድስ ነው። የሚመታውም ስቱዋርት ራሱ ነው። መጀመሪያ የሚሰሙት እነዚያ ኮርዶች የእሱ ናቸው። ከእነሱ ሥር ቀስ ብሎ የሚገባውን ስማልኝ።

አሁን የገባሁ፦ አሁን ከፈትኩት። ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው ሴትየዋ የምትመጣው?

ጋሼ፦ አትዝለል። ቁጭ ብለህ ስማ፣ ትመጣለች።