የባህር ዳርቻ አስጎብኚዎችን ስለማሰልጠን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። የባህር ዳርቻ የዱር እንስሳትን የሚያስጎበኙ ሰዎችን አሰለጥናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሶቹ።

ጥያቄ፦ ለአዲስ አስጎብኚ መጀመሪያ የምታስተምረው የእንስሳቱን ዓይነት ነው?

አይደለም፤ እሱ ቀስ እያለ ይለመዳል። መጀመሪያ የማስተምረው ውሃውን ነው። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ባለፈው ሳምንት በዚህ ሰዓት ደረቅ የነበረው አሸዋ ዛሬ ውሃ ሊውጠው ይችላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ውሃው የሚሞላው እኩል እየጨመረ አይደለም። ሙላቱ ስድስት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ ግማሹ የሚመጣው በመካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙም ለውጥ ስለማያይ «ገና ነው» ይላል። ከዚያ ዞር ሲል መመለሻው ተዘግቷል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። ስለዚህ ሰልጣኙ ውሃው የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት የተጻፈበትን ሰንጠረዥ አይቶ መመለሻ ሰዓቱን ሳይወጣ በፊት ይወስናል፤ ቢሮ ለሚቀረው ሰውም ጽፎ ይሰጣል። እንስሳው ቢያምርም ባያምርም በዚያች ሰዓት ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ስንት ሜትር መራቅ አለብን? ቁርጥ ያለ ቁጥር ንገረን።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ የራሳችሁን ጠይቁ። ለዓሣ ነባሪ በብዙ ቦታ የተለመደው 100 ሜትር ገደማ ነው። ግን ቁጥሩን ያከበረ አስጎብኚም እንስሳ ሊያስበረግግ ይችላል። ነፋሱ ሽታችሁን ከወሰደ፣ ድምፅ ካሰማችሁ፣ ግልገሎች ካሉ ያ ርቀት ላይበቃ ይችላል።

እኔ የማሰለጥነው ዓይንን ነው። የባህር አንበሶች (ባህር ውስጥ እያደኑ ዳርቻ ላይ የሚያርፉ አጥቢ እንስሳት) ድንጋይ ላይ ተኝተው ሳለ አንዷ አንገቷን ቀና አድርጋ ካየቻችሁ፣ እዚያው ቁሙ። ሁለት ሦስት ሆነው ቀና ካሉ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወደ ውሃው መንቀሳቀስ ከጀመሩ ዘግይታችኋል። መንጋው በድንጋጤ ሲሮጥ ግልገል ሊረገጥ ይችላል። ይህን ለማስለመድ ሰልጣኞቹን ያለ እንግዳ ወስጄ ከሩቅ አስቀምጣቸዋለሁ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፦ የትኛው እንስሳ መቼ ፀባዩን እንደለወጠ መናገር። አሰልቺ ይመስላል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ብቻውን የተቀመጠ ግልገል ብናገኝስ? እንግዶች «እናድነው» ይላሉ።

አትንኩት። እናቱ ምግብ ፍለጋ ባህር ገብታ ይሆናል፤ ሰው ከከበበው ለመመለስ ትፈራለች። ራቁ። የተጎዳ ከመሰላችሁ ለሚመለከተው የእንስሳት ነፍስ አድን ክፍል ደውሉ። ወፍም ሆነ ሌላ እንስሳ ሞቶ ካገኛችሁ ያው ነው፤ የወፍ ጉንፋን ባህር አንበሶችንም ገድሏል፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ጥያቄ፦ እባክህ ስለ ማታ የኤሊ ጉብኝት ትንሽ በለን።

ነጭ መብራት የለም፣ ፍላሽ የለም። የተፈለፈሉት ኤሊዎች ወደ ባህሩ የሚሄዱት ብሩህ የሆነውን አድማስ ተከትለው ነው። ስልክ ካበራችሁባቸው መንገድ ይስታሉ። እናቲቱ አሸዋው ላይ ወጥታ ስትሄድና ስትቆፍር አትጠጓት፤ ከተረበሸች እንቁላሏን ሳትጥል ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ሰው ውሃ ቢወስደውስ? አስጎብኚው ዋና የሚችል ከሆነ ዘሎ ይግባ?

አይግባ። እሱ ከሰመጠ የቀሩትን ማን ይመልሳቸዋል? የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ ነፍስ አድን ይጥራ። አንድ እንግዳ ደግሞ ጣቱን ወደ ተወሰደው ሰው ቀስሮ ዓይኑን እንዳይነቅል ይንገረው፤ በሞገድ መካከል ጭንቅላት ወዲያው ይጠፋል።

እንግዶችም ከመነሳታቸው በፊት ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ያኔ ከመታገል በጀርባ መንሳፈፍ ይሻላል። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ከያዛቸው ደግሞ ፊት ለፊት ከመጋፋት ከዳርቻው ጎን ለጎን መዋኘት። ያ ጅረት ሞገዱ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ቦታ ስለሚመስል ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ለሰልጣኞቼ ከፍ ካለ ቦታ ደጋግሜ የማሳያቸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ መርዛማ ነገሮችስ?

ሕይወት ያለው ዛጎል ማንም አያንሳ። በሞቃት ባህሮች ያሉ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ሰው የሚገድል መርዝ አላቸው፣ ማርከሻም አልተገኘለትም። ለጄሊፊሽ ኮምጣጤ ለአንዳንዱ ዓይነት ይጠቅማል፣ ሌላውን ያባብሳል፤ የእናንተ ዳርቻ ላይ ያለውን ለይታችሁ ተማሩ። እሾሃም ዓሣ ለወጋው ሰው ሙቅ ውሃ ሕመሙን ያስታግሳል፤ 45 ዲግሪ እንዳያልፍ ግን ጠንቀቅ በሉ።

ጥያቄ፦ ሰልጣኙ ብቻውን ለመውጣት መድረሱን በምን ታውቃለህ?

ነባር አስጎብኚዎችን እንግዳ አስመስዬ እሰጠዋለሁ። አንዱ ሰልፊ ካልተነሳሁ ይላል፣ አንዷ ከቡድኑ ወደ ኋላ ትቀርበታለች፣ አንዱ «ከፍዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ይጮሃል። መሃል ላይ ነጎድጓድ ተሰማ እላለሁ። መጠለያ ይዟቸው ከገባና ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ካስጠበቃቸው ደርሷል። ሊያስደስታቸው ብሎ ከቀጠለ፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን አላወጣውም።

አሠሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ጉዞ ሲሰረዝ ለአስጎብኚው የማትከፍሉ ከሆነ ሥልጠናዬ ከንቱ ነው። የዕለት ገቢው በመውጣቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደመናውን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የተሰረዘ ቀን ሙሉ ክፍያ እንዳለው ውሉ ላይ ጻፉለት፤ መሰረዙንም የሚወስነው እሱ ብቻ ይሁን።