ንፍፊቱ፣ በሬውና ገመዱ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ ለጤና ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተምራለሁ። «ነጭ የደም ሴል ጀርም ሲያገኝ ጂኖቹን እንዴት እንደሚያዝ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ አለኝ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ሳርስ እሾህ እግሬን ወጋኝ። ቁስሉ እታች፣ ንፍፊቱ ብሽሽቴ ላይ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ አብሽር ወንድምዓለም። ከእግርህ የመጣው የጀርም ቁራጭ እዚያ ንፍፊቱ ውስጥ ለቲ ሴሎች (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ይቀርባል። መጀመሪያ አላፊ አግዳሚው ሴል እዚያው ይያዛል፤ ቀጥሎ ጀርሙን የለዩት ይነቃሉ። ያልነቃ ቲ ሴል ትንሽ ነው፣ ዲኤንኤውም ጥቅልል ብሏል። ሲነቃ ጥቅልሉ ይላላል፣ ዝም ያሉ ጂኖች ይነበባሉ፣ ሴሉ ይፋፋል፤ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ መባዛት ይጀምራል። እብጠቱ ሳምንታት ቆይቶ ካልጠፋ ግን ለሐኪም አሳየው።

ጥያቄ (የነርስ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ጀርሙ ኒውክለስ (ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ አስኳል) ውስጥ ሳይገባ ጂኑን ማን ከፈተው?

መልስ፦ ይቺን ስጠብቃት ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር ይፋ ያደረጉት ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። ከኒውክለስ ውጭ የታሰረ በሬ አድርገሽ አስቢው፤ ገመዱ አይ ካፓ ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። የሴሉ ተቀባይ ጀርም ሲነካ መልእክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይቀባበላል፣ ገመዱ ምልክት ይደረግበትና ይከታተፋል። በሬው ኒውክለስ ገብቶ ጂኖቹ አጠገብ ይቆማል። እንዲሁ ጂን የሚከፍት ሌላው ፕሮቲን ኤንፋት ነው፦ ካልሲየም ሲጨምር ካልሲንዩሪን የተባለ ኢንዛይም የተለጠፈበትን ፎስፌት ይነቅልለትና ኒውክለስ ይገባል። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው።

ጥያቄ (እሷው)፦ ገመዱ ከተከታተፈ ማን ይመልሰዋል?

መልስ፦ ራሱ በሬው! ቀድሞ ከሚያስነብባቸው ጂኖች አንዱ የገመዱ ጂን ነው። አዲሱ አይ ካፓ ቢ ተሠርቶ ኒውክለስ ድረስ ይገባና በሬውን ጎትቶ ያወጣዋል። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኛል። በዚያ ላይ እንደ ኢንተርሉኪን 2 (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ላሉት ከጂን የሚቀዱት የኤምአርኤንኤ መልእክቶች ጭራቸው ላይ «ቶሎ ይቀደድ» የሚል ምልክት አለባቸው። ባይቀደዱ ሰውነት በገዛ ወታደሩ ይጎዳ ነበር።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ዴክሳ እገዛለሁ፤ ባንድ ቀን ቀጥ! ጥሩ አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ዴክሳ ሴል ውስጥ ተቀባዩን ይዞ ኒውክለስ ይገባና እነዚያኑ ጂኖች ዝም ያሰኛል። በሬው ታሰረ እንጂ ቫይረሱ የትም አልሄደም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንካው።

ጥያቄ (እናት፣ ከቦሩ ሜዳ)፦ የልጅ ልጄ በተከተበ ማታ አተኮሰው። ክትባቱ አሞት ይሆን?

መልስ፦ አይስጉ እማማ። የነቁት ሴሎች የከፈቷቸው ጂኖች የሚያሠሩት ኢንተርሉኪን አእምሮ ደርሶ ሙቀቱን ከፍ አድርጎት ነው። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ልጁ ጡት እንቢ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሥራቸውን ከጨረሱት አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ፤ የሚተርፉት ጥቂቶቹ ግን የእነዚያን ጂኖች ጥቅልል እንደላላ ያቆዩታል። ጀርሙ በኋላ ቢመጣ ለመክፈት ብዙ አይደክሙም።