«ባፈሩን አሰፋሁት፤ ይበቃል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስልኬ «ሜሞሪ ሞልቷል» ይለኛል፤ አንተ ሁልጊዜ የምትጽፍለት ችግር ይሄ ነው ወይ? (አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

አይደለም እናቴ። እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ከተሰጠው የሜሞሪ ቦታ አልፎ ሲጽፍ ወይም ሲያነብ ስለሚፈጠር ስህተት ነው። የእርስዎ የፎቶና የቪዲዮ ማስቀመጫ ቦታ ነው የሞላው። ጥቂት ያጥፉለት። ካልሆነ ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ያሳዩት።

በአማርኛ ስጽፍ ኤስኤምኤሱ ለምን ቶሎ ለሁለት ይከፈላል?

አንድ መልእክት 140 ባይት ነው የሚይዘው። በእንግሊዝኛ ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል 70 ይገባል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሞባይል ኔትወርክ የተሰራ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ሲሞክር ክራሽ አደረገበት። ሲያየው የሲሙ መለያ ቁጥር፣ አይኤምኤስአይ፣ የሚጻፍበት ባፈር፣ ማለትም ለጊዜው የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ፣ 15 ባይት ብቻ ነው። ወደ 32 አሰፋው፤ ክራሹ ቆመ። «ማስተካከያውን ለፕሮጀክቱ ልላከው?» ይለኛል።

ገና ነው ወንድሜ፣ አትላከው።

ግማሹን በደንብ አይተሃል። አይኤምኤስአይ ቢበዛ 15 አሃዝ ነው፤ የእኛ አገሩ በ636 ይጀምራል። ፕሮግራሙ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ግን ከጽሑፍ መጨረሻ ዜሮ ይከተላል፤ ስለዚህ 16 ቦታ ያስፈልጋል። ያቺ ትርፍ ባይት ቦታ ስታጣ ጎረቤቷ ላይ ተጻፈች።

ግን 15 አሃዝ ብቻ እንደሚመጣ ማን ነገረህ? ከቁጥሩ ፊት ርዝመቱን የሚናገር አንድ ባይት አለ። እሱን የሚሞላው ላኪው ነው። አንድ ባይት እስከ 255 ሊል ይችላል፤ በእያንዳንዱ ባይት ደግሞ ሁለት አሃዝ ይታሸጋል። ከ500 አሃዝ በላይ ማለት ነው። 32 የት ይደርሳል?

ሌላም አለ። ላኪው «200 ባይት» ብሎ 8 ብቻ ቢልክስ? ፕሮግራሙ አምኖት ከመልእክቱ አልፎ የማያገባውን ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ድረ ገጾች መረጃ በሚስጥር በሚለዋወጡበት በኦፕን ኤስኤስኤል ፕሮግራም የተገኘው፣ ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት መነሻው ይኸው ነበር። ባልተጣራ ርዝመት ምክንያት በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሰው ሚስጥር ይፈስ ነበር።

ስለዚህ ባፈሩን 16 አድርገው። ከዚያ ርዝመቱን ሁለቴ አጣራ፦ መጀመሪያ በእጅህ ከደረሰው መልእክት ጋር፣ ቀጥሎ ከምትጽፍበት ቦታ ጋር። ካልገጠመ መልእክቱን ጣለው። የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን መሣሪያ፣ አድሬስ ሳኒታይዘርን፣ አብርተህ 15 አሃዝ ያለው፣ 16 አሃዝ ያለው እና 255 ብሎ የሚዋሽ መልእክት ላክበት። አሮጌው ኮድ ሲወድቅ፣ አዲሱ ሲያልፍ አሳይ። ያን ጊዜ ኮድህን የሚገመግመው ሰው ያምንሃል።

አደራ ግን፣ ማንም ሰው ከርቀት በራዲዮ ሊያስነሳው የሚችል ስህተት ከሆነ በአደባባይ አትለጥፈው። መጀመሪያ ለፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ለብቻቸው ጻፍላቸው።

እንዲህ ያሉ የሜሞሪ ስህተቶችን በሚከለክለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በረስት፣ ሁሉንም ብንጽፈው አይሻልም?

ለአዲስ ኮድ አዎ። አንድሮይድ አዲስ ኮዱን በእንዲህ ዓይነት ቋንቋዎች መጻፍ ካዘወተረ ወዲህ ከደህንነት ስህተቶቹ መካከል የሜሞሪ ስህተቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። የሲው ኮድ ግን ዛሬም ስልክ እያገናኘ ነው። እሱንም ማስተካከል አለብን።

የሞባይል ጣቢያ መሥራት የሚያስችል የራዲዮ ሰሌዳ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ገዝቻለሁ፤ ጣሪያችን ላይ ሰቅዬ በሰፈሩ ስልኮች ልሞክር?

በፍጹም! ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ፈቃድ አንዲት ደቂቃም አታሰራጭ። መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ። የጎረቤትህ ስልክ ያንተን ጣቢያ ቢይዝ፣ በዚያች ሰዓት አምቡላንስ ሲጠራ አይወጣለትም። የሞባይል ኔትወርክ ፕሮግራሞችን በክፍት ኮድ የሚሠራው ኦስሞኮም ያለ ራዲዮ መሞከሪያ አለው። ጣቢያውንም ስልኩንም አንድ ላፕቶፕ ውስጥ አገናኝተህ የፈለግከውን መልእክት ላክ።