ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ቤት ምግብ ቤት ለማድረግ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ በአቃቂ ወይም በሰበታ በኩል ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ቤት ለምግብ ቤት ልትከራዩ ከሆነ፣ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት የቤቱን ዕድሜ አጥኑ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በሐዲዱ መስመር የአቃቂ ሠፈር እያደገ መጣ። በዚያ ዘመን ሲሚንቶ ብርቅ ስለነበር አሮጌው ግድግዳ ወይ በጭቃና በኖራ የተያያዘ ድንጋይ፣ ወይ በባሕር ዛፍ እንጨትና ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። በሚስማር ፍቁት፤ እየረገፈ ጭድ ካሳየ ጭቃ ነው።

የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ አይለሰንም። ይህን አደራ እላችኋለሁ። ጭቃ ከመሬት የሳበውን እርጥበት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውስጡ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እየተገነጠለ ይወድቃል። ይልቅ የላላውን ልስን አራግፉ። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ አቡክታችሁ፣ ሸፍናችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ በየመሃሉም ርገጡት። የመጀመሪያው ምርግ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው ስስ ልስን ስንጥቁን ይሞላዋል። ግድግዳውን አርጥባችሁ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ሦስት ጊዜ ቀቡት። ይህ ሁሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሠራ። በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ከውሃ ልኩ (መሠረቱ አልቆ ግድግዳው ከሚጀምርበት) በታች 20 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጉ፤ አሸንዳም አይቅር።

ወንዙን በነሐሴም በመጋቢትም እዩት። በነሐሴ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለው ሣርና ፌስታል ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ማእድ ቤቱ፣ ቆጣሪውና ማቀዝቀዣው ከዚያ በላይ ይሁኑ። የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ አስፋልትና ቆርቆሮ በበዛ ቁጥር ዝናቡ አፈር ውስጥ ሳይሰርግ ስለሚወርድ፣ አቃቂ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እንጦጦ ላይ የዘነበው ሳይታሰብ ይደርሳል። በመጋቢት ደግሞ ውሃው ሲያንስ ሽታው ይወጣል። በከተማው ውስጥ አቋርጦ በመጣ ወንዝ ሰላጣ ማጠብማ ፈጽሞ አይታሰብም።

የቤት ኪራይ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታው ለወንዝ ዳርቻ ከተከለለው ውጭ መሆኑን ከአካባቢው የመሬት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

የዕቃ ማጠቢያው ቅባት ወንዝ እንዳይገባ ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ አሠሩ፤ ላይ የተንሳፈፈውን በየሳምንቱ ግፈፉ። ኤሌክትሪኩንም አደራ። 3,500 ዋት የሚወስድ አንድ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለቱን በአሮጌው መስመር ብትሰኩ ሽቦው ግሎ በኮርኒሱ እንጨት ላይ እሳት ያስነሳል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት።