ሎጎውን የሠራው ዲዛይነር «ድርሻዬን» ቢልስ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ቲሸርትና ሁዲ እሸጣለሁ። የብራንዴን ሎጎ፣ «ጰ» ፊደልን በስፕሬይ እንደተጻፈ አድርጎ፣ አንድ የማውቀው ዲዛይነር በ20,000 ብር ሠራልኝ። በቴሌግራም ተነጋገርን እንጂ ውል አልተፈራረምንም። ከዚህ በፊት ለራሱ ከሠራቸው ሥዕሎችም ሁለቱን መርጬ፣ «ችግር የለውም» ስላለኝ፣ ቲሸርት ላይ አሳተምኩ። አሁን ብራንዱ ሲታወቅ «ሁሉም የኔ ነው፤ ከሽያጩ ድርሻ ስጠኝ» ይላል፤ የሎጎውን ኦርጅናል ፋይልም ከልክሎኛል። በዚያ ላይ ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱ የታተመበት ቲሸርት መርካቶ ሲሸጥ አገኘሁ። በብራንዱ ስም ንግድ ፈቃድ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሎጎውንና ሁለቱን ሥዕሎች ለያይተን እንያቸው፤ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ሎጎው በእርስዎ ትእዛዝ የተሠራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 21፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል። ብዙ ዲዛይነሮች «ፈርሜ እስካላስተላለፍኩ የኔ ነው» የሚሉት የሌላ አገር ሕግ ይዘው ነው። ድርሻ የሚባለውም አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁበት መሠረት የለውም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። «አዘዝኩት» የሚሉት እርስዎ ስለሆኑ የማስረዳቱ ሸክምም የእርስዎ ነው። በቴሌግራም የግል ንግግር አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ንግግሩን ከነፋይሎቹና ከነቀኑ ያውርዱ። ዋጋ የተነጋገራችሁበት፣ «ይሄን አስተካክል» ያሉበትና እሱ የላካቸው ረቂቆች ከሁሉም በላይ ይጠቅማሉ። የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኙንም ያያይዙ፤ ምክንያቱ ላይ «ለሎጎ» ተብሎ ከተጻፈ እሰየው።

መብቱ የእርስዎ ቢሆንም የሞራል መብቱ ከዲዛይነሩ ጋር ይቀራል። የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ይችላል፤ ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው ቢበላሽ መቃወምም ይችላል። ኢንስታግራም ላይ ስሙን መጥቀስ ምንም አያስወጣዎትም፤ እንዲያውም ብዙው ጠብ የሚነሳው ይህ ስለሚቀር ነው።

ሁለቱ ሥዕሎች ግን ሳይታዘዙ ቀድመው የተሠሩ ናቸው፤ ባለመብቱ እሱ ነው። የኢኮኖሚ መብትን፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብትን፣ ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን ስላለበት «ችግር የለውም» የሚለው ቃል ብዙ አያስኬድዎትም። እዚህ ላይ ጠንካራው ወገን እሱ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል።

ከመጨቃጨቅ ይልቅ አንድ ውል ይዘው ይሂዱ። ለሁለቱ ሥዕሎች ቁርጥ ያለ ዋጋ ይክፈሉት። ውሉ የትኞቹ መብቶች እንደተላለፉ ይዘርዝር፦ ማባዛት፣ ልብስ ላይ ማተም፣ ቀይሮ መሥራት፣ ማሰራጨት፣ ኢንተርኔት ላይ መጠቀም። የት አገርና ለስንት ዓመት እንደሆነም ይጻፍ፤ ሥዕሎቹም ታትመው ይያያዙ። በዚያው ውል ሎጎው በእርስዎ ትእዛዝ እንደተሠራ ያረጋግጥ፤ የከለከለዎትን ኦርጅናል ፋይል፣ ማለትም በዲዛይን ፕሮግራም የሚከፈተውን የኢሉስትሬተር ፋይል፣ ያስረክብ። የመብት ባለቤት መሆን ብቻውን ፋይሉን አያስገኝም፤ ርክክቡ በስምምነት የሚወሰን ነው። ከሎጎው ጋር ጽሑፍ ካለ የፎንቱን ስምና ፈቃድ ያስጽፉ። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ለንግድም ክፍት ናቸው፤ «ነፃ» ተብለው የሚወርዱ ብዙዎቹ ግን ለግል ጥቅም ብቻ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 መሠረት ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ውልና ማስረጃ መሄድ ለዚህ ግዴታ አይደለም።

የመርካቶውን ሻጭ አሁን አይክሰሱ። የተቀዳው ሥዕል ገና የእርስዎ ስላልሆነ «ምን አገባህ» ቢባሉ መልስ የለዎትም። ምናልባትም ዲዛይነሩ ራሱ ሸጦለት ይሆናል። አንድ ቲሸርት በደረሰኝ ገዝተው፣ ሱቁንም ፎቶ አንስተው ይቆዩ። ሆን ብሎ የቅጂ መብት መጣስ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ፣ በቃል ፈቃድ ያሳተመ ሰው ክስ ለመክፈት ባይቸኩል ይሻለዋል።

ማተሚያ ቤቱንም ይጠርጥሩ። በሲልክ ስክሪን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፊልም፣ ማለትም ማተሚያው ስክሪን የሚዘጋጅበት ብርሃን አሳላፊ ወረቀት፣ ይወጣል፤ ባለ 3 ቀለም ሥዕል 3 ፊልም ማለት ነው። ስክሪኑ ታጥቦ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ፊልሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በዲቲኤፍ፣ ማለትም ምስሉ ከኮምፒውተር ታትሞ በሙቀት ልብሱ ላይ በሚለጠፍበት መንገድ፣ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ብቻ ይበቃል። ከእንግዲህ ትእዛዝዎ ላይ የሚታተመው ብዛት፣ የተበላሸው ልብስና ፊልሙ እንደሚመለስ፣ ፋይሉም እንደሚጠፋ ይጻፍ።

ንግድ ፈቃድዎ የንግድ ስምዎን እንጂ የንግድ ምልክትዎን፣ ማለትም ዕቃዎ የሚለይበትን ሎጎና ስም፣ አይጠብቅም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ጥበቃው 7 ዓመት ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ዲዛይነሩ ወይም የመርካቶው ሰው ቀድሞ ካመለከተ ረጅም ሙግት ይጠብቅዎታል፤ የዲዛይነሩ ፊርማ እስኪገኝም አይጠብቁ። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መጀመሪያ ተመሳሳይ ምልክት መኖሩን ያስፈትሹ፤ ከዚያ፣ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃና በአገልግሎት ምድብ ስለሆነ፣ በምድብ 25፣ ማለትም በልብስ፣ ያመልክቱ። ቦርሳ ከጨመሩ ምድብ 18፣ የችርቻሮ አገልግሎቱን ካሰቡ ምድብ 35 አለ፤ ምድብ በጨመረ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። ምስሉን በጥቁርና ነጭ ያስገቡ፤ ስሙን ደግሞ በፊደልም በላቲንም ለየብቻ ቢያመለክቱ ጥሩ ነው። ባዶ «ጰ» የማንም አይደለም፤ የሚጠበቀው የተሣለበት መልክ ነው። «ፒያሳ» የሚለውን እንደ ምልክት ካሰቡም ብቻውን የቦታ ስም ስለሆነ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ማመልከቻው በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ይሁን፤ በወንድም ወይም በሸሪክ ስም የገባ ምልክት በኋላ ሌላ የዝውውር ውል ይጠይቃል።